ሦስተኛው ጎማ፦ በቢዮ አዋሌ መንገድ ለሚያገለግል ሞተር ሳይክል ሳይድካር ስለ መግጠምና ስለ ማስተካከል

ከድሬዳዋ ከተማ ወደ ተራራው ወገን በሚገኙት በቢዮ አዋሌ የገጠር መንደሮች፣ ምጥ የጠናባት እናት ወይም ድንገት የታመመ ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ፣ ሕመሙም ከጤና ጣቢያው ዐቅም በላይ የሆነ እንደ ሆነ ወደ ከተማው ወርዶ ድል ጮራ ሆስፒታል እስኪገባ ድረስ የሚያልፈው ሰዓት፣ ከሕክምናው ባላነሰ ለመዳኑ ወይም ለመሞቱ ምክንያት የሚሆን ሰዓት ነው። ጐረቤት ተሰብስቦ ሕሙሙን በቃሬዛ መሸከሙ ከጥንት የኖረ ሰናይ ምግባር ቢሆንም፣ የሰው ትከሻ ይደክማል፣ ዳገቱና ቁልቁለቱም ጊዜ ይፈጃል። ባለ አራት ጎማው አምቡላንስ ደግሞ ዋጋው ከባድ ስለ ሆነ ለየመንደሩ አይዳረስም። ሞተር ሳይክል በዚህ ዘመን በገጠሩም የሚገኝ፣ በጥቂት ቤንዚን ብዙ መንገድ የሚሄድ፣ ጥገናውም የሚታወቅ መሣሪያ ሲሆን፣ ለዚህ አገልግሎት ያለበት ጉድለት ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ራሱን ችሎ መያዝ የሚችል ጤነኛ ካልሆነ በቀር ሊያጓጉዘው አለመቻሉ ነው። ይህንኑ ጉድለት የሚሞላው ከጎኑ የሚገጠመው ባለ አንድ ጎማ ጋሪ፣ ማለት ሳይድካር ነው።

ሳይድካር በአውሮፓ ከ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ጀምሮ የታወቀ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የጀርመንና የሶቪየት ሠራዊቶች በብዛት የተገለገሉበት ዕቃ ነው። ለእኛ ኑሮ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የማላዊው ነው፤ በዚያ አገር በማንጎቺ አውራጃ በ1994 ዓ.ም. ገደማ ለሦስት የገጠር ጤና ጣቢያዎች ባለ ሳይድካር ሞተር ሳይክሎች በአምቡላንስነት ተመድበው በተሠራባቸው ጊዜ፣ ወላዶች ወደ ሆስፒታል ሲላኩ የሚደርስባቸው መዘግየት እንደ ቦታው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ተኩል ያህል አጠረ፤ የመኪና አምቡላንስ መግዣም ከሞተሩ መግዣ 19 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለው ነገር ለማላዊ ከጠቀመ፣ ባጃጅና ሞተር ሳይክል በሞላበት፣ የምድር ባቡሩም በ1895 ዓ.ም. ከገባ ወዲህ የብረት ሥራ ባለሙያ ሲፈራበት በኖረው በድሬዳዋ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ነገር ግን አንድ ነገር አስቀድሞ በአእምሮ ሊጸና ይገባል። ነጂው መሪ በእጁ፣ ፍሬን በእግሩ ነው፤ የፈራ እንደ ሆነ ይዘላል፣ ያመነታ እንደ ሆነ ይቆማል። በሳይድካሩ ውስጥ የተኛው ሕሙም ግን ምንም የሚይዘው የለውም፤ ነፍሱን ለቡሎኑና ለብየዳው፣ ለሠሪውም ሐቀኝነት በአደራ የሰጠ ሰው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነገረው ልክ ሁሉ ተሳፋሪው በቦታው እንዳለ ተቆጥሮ፣ ከሙሉ ጭነት ጋር የሚለካ እንጂ ባዶውን ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ባማረበት ጊዜ የሚለካ አይደለም።

ከሥራው በፊት ሊታሰቡ የሚገባቸው

በቅድሚያ ወደ ከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይሂዱ። በአገራችን የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የወጣው ማንኛውም ተሽከርካሪ በተመዘገበበት ዓይነትና በብቃቱ ታውቆ በመንገድ እንዲገኝ ስለ ሆነ፣ ሊብሬው ላይ ባለ ሁለት ጎማ ተብሎ የተጻፈውን ሞተር በራስ ፈቃድ ባለ ሦስት ማድረግ ቦሎ በሚታደስበት ጊዜም ሆነ አደጋ በደረሰ ጊዜ ብርቱ ችግር ያመጣል። ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዙ፤ የሦስተኛ ወገን መድኅኑም ለውጡን እንዲያውቅ ያድርጉ።

ቀጥሎ ሞተሩን ይምረጡ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ከከተማው ወደ ተራራው የሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ግን ወደ 2,000 ሜትር ያህል ይወጣል፤ ሞተርም ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ከጉልበቱ ከዐሥር አንድ እጅ ያህል ያጣል። ስለዚህ የ100 ኪዩቢክ ሞተር በሜዳ ላይ ቢበቃም፣ ሕሙም፣ አስታማሚና ነጂ ይዞ ዳገት ለመውጣት ከ150 ኪዩቢክ ያላነሰ፣ ቢቻል 200 የሆነ ይመረጣል። ሻንሲው ቀድሞ ያልተሰበረና ያልተበየደ መሆኑን ቀለሙን እየፋቁ በመገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ይመርምሩ።

በመጨረሻም የሚሄዱበትን መንገድ በእግር ይመልከቱ። ባለ ሳይድካር ሞተር ከአንድ ሜትር ተኩል ያላነሰ ስፋት ይፈልጋል፤ ከዚያ በጠበበው የእግር መንገድ ላይ ቃሬዛው አሁንም ሥራውን አይተውም፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ስፍራ አስቀድሞ ተለይቶ ለመንደሩ ሰው ሊነገር ይገባል።

መሣሪያዎችና ዕቃዎች

ለመለኪያ ውሃ ልክ፣ ቱንቢ፣ ሲባጎ፣ ሜትርና እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ተኩል የሚሆኑ ሁለት ያልተጣመሙ ቱቦላሬዎች ያዘጋጁ። ለመያዣው ክፈፍ የግድግዳው ውፍረት ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቱቦ፣ በራሳቸው ላይ 8.8 የሚል ቍጥር የተቀረጸባቸው ጠንካራ ቡሎኖች፣ ራሳቸውን የሚቆልፉ ዳዶዎችና ወፍራም ሮንዴላዎች ያስፈልጋሉ። ቍጥር የሌለበት ቡሎን ከገበያ በርካሽ ቢገኝም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጭነት ሲበዛበት ይሳሳባል፣ ከዚያም ያለ ማስጠንቀቂያ ይቆረጣል። የሥራው ቦታ የሲሚንቶ ወለል ይሁን፤ ወለሉም በውሃ ልክ ተለክቶ የተስተካከለ መሆኑ ይረጋገጥ።

አንደኛ፦ ሞተሩን ማደስ

ሳይድካር የሞተሩን ድካም ሁሉ እጥፍ አድርጎ የሚገልጥ ስለ ሆነ፣ ያረጀው ነገር ከመገጠሙ በፊት ይለወጥ። የጎማዎቹን ኩሽኔታዎች፣ የመሪውን አንገት ኩሽኔታ፣ የኋላውን ሹካ ማጠፊያ ቡሺንግ፣ ሰንሰለቱንና የፍሬን ሸራዎቹን ይመርምሩ። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሥተው መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በዝግታ ያዙሩ፤ በመኻል ላይ ቀጭን ጉድጓድ ውስጥ እንደ ገባ ያህል ከቆመ፣ ኩሽኔታው ተበልቷልና ይለወጥ። ይህ ችላ የተባለ እንደ ሆነ፣ ሳይድካሩ ከተገጠመ በኋላ በዝግታ ሲሄዱ መሪው በእጅ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ሁለተኛ፦ መያዣዎቹን መሥራት

ሳይድካር በአራት ነጥብ ይያዛል። ሁለቱ ታችኛዎች ሲሆኑ፣ አንዱ ከኢንጅኑ በፊት ባለው የሻንሲ ቱቦ ግርጌ፣ ሁለተኛው የኋላው ሹካ በሚታጠፍበት አጠገብ ይውላል፤ ክብደቱንም የሚሸከሙት በተለይ እነዚህ ናቸው። ሁለቱ ላይኛዎች ደግሞ አንዱ ከመሪው አንገት በታች፣ ሌላው ከመቀመጫው ሥር የኋላው አሞርዛቶር በሚታሰርበት አጠገብ ሆነው፣ ሞተሩን ቀጥ አድርገው የሚያቆሙና ዘንበል ማለቱን የሚወስኑ ናቸው። ላይኛዎቹ ዘንጎች በማዞር የሚረዝሙና የሚያጥሩ እንዲሆኑ በሁለቱም ጫፎቻቸው ጥርስ ይውጣላቸው፤ አንዱ ጫፍ የግራ፣ ሁለተኛው የቀኝ ጥርስ ቢኖረው ሳይፈታ ይስተካከላል።

በምንም ምክንያት መያዣውን በሞተሩ ሻንሲ ላይ አይበይዱ። የትናንሽ ሞተሮች ሻንሲ ቱቦው ቀጭን ስለ ሆነ፣ የብየዳው እሳት ባለፈበት ዳር ብረቱ ይደክምና ከጊዜ በኋላ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። ትክክለኛው መንገድ ለብቻው የተበየደ ንኡስ ክፈፍ ሠርቶ፣ በሁለት ግማሽ በተከፈለ የብረት እጅ ቱቦውን አቅፎ በቡሎን ማሰር ነው። እጁ ከቱቦው ጋር በሙሉ ፊቱ ይገናኝ፤ በሁለት ጠርዝ ብቻ የነካ እንደ ሆነ ቱቦውን ይጨፈልቀዋል። ክፈፉ የሚበየደውም ከሞተሩ ላይ ወርዶ ነው፤ በቦታው ነጥብ ብቻ ጣል ማድረግ ግድ ከሆነ ባትሪው ይፈታ፣ የብየዳው መሬትም ከሚበየደው ስፍራ አጠገብ ይያዝ፤ አለዚያ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታዎቹ ውስጥ አልፎ ያበላሻቸዋል።

ሦስተኛ፦ የሳይድካሩን ጎማ ስፍራ መወሰን

አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ የምትነዳ ስለ ሆነች፣ ሳይድካሩ በቀኝ ይገጠማል፤ ሕሙሙም ከመኻል መንገዱ ርቆ በጥጉ በኩል ይሆናል።

የሳይድካሩ ጎማ ከሞተሩ የኋላ ጎማ ጋር በአንድ መስመር አይሰለፍም፤ ጥቂት ይቀድማል። ከፊተኛው ጎማ መኻል እስከ ኋለኛው ጎማ መኻል 125 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ሞተር ላይ፣ ቅድሚያው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። እጅግ ያነሰ እንደ ሆነ ወደ ግራ በሚታጠፉበት ጊዜ የሳይድካሩ አፍንጫ ወደ መሬት ይደፋል፤ እጅግ የበዛም እንደ ሆነ መሪው ይከብዳል፣ በየማጠፊያውም ጎማው መሬቱን እየፋቀ ይበላል። ወደ ደንገጎ የሚወጣው መንገድ ጥምዝምዙ የበዛ ስለ ሆነ፣ ጭነቱም የተኛ ሰው ስለ ሆነ፣ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ማድላት ይሻላል።

ከሞተሩ መኻል እስከ ሳይድካሩ ጎማ መኻል ያለው ስፋት ከ105 እስከ 115 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በሞተሩና በሳይድካሩ አካል መካከልም የነጂው ቀኝ እግር የፍሬኑን ፔዳል ያለ ጭንቀት እንዲረግጥ በቂ ክፍት ቦታ ይተው።

አራተኛ፦ ጎማዎቹን ማስተያየት

የሳይድካሩ ጎማ ከሞተሩ ጎማዎች ጋር ፍጹም ትይዩ የሆነ እንደ ሆነ፣ በጎን ያለው ጭነት በሚጎትተው ጊዜ ሞተሩ ዘወትር ወደ ቀኝ ይሳባል። ስለዚህ የሳይድካሩ ጎማ ፊቱን በጥቂቱ ወደ ሞተሩ ይመልሳል።

ይህን ለመለካት አንዱን ቱቦላሬ በጡብ ላይ አጋድመው ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ በማድረግ በሞተሩ በስተ ቀኝ የሁለቱን ጎማዎች ጎን ያስነኩ፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ የሳይድካሩን ጎማ በውስጥ ጎኑ ያስነኩ። በብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች የፊቱ ጎማ ከኋላው እንደሚቀጥን ግን ያስተውሉ፤ የፊቱ 2.75፣ የኋላውም 3.00 የሆነ እንደ ሆነ ልዩነቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ በፊቱ ጎማና በቱቦላሬው መካከል የልዩነቱን እኩሌታ፣ ማለት 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ ማስገባት ይገባል። ይህች ላሜራ የተረሳች እንደ ሆነ ልኩ ሁሉ ይዋሻል።

ከዚያም በሁለቱ ቱቦላሬዎች መካከል ያለውን ርቀት ከኋላው ጎማ በስተ ኋላና ከፊቱ ጎማ በስተ ፊት ይለኩ። ለምሳሌ ከኋላ 101 ሳንቲ ሜትር፣ ከፊት 99 ሳንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን፣ የጎማው መመለስ 15 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው፤ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያለውም መልካም ነው። ከዚህ የበለጠ እንደ ሆነ የሳይድካሩ ጎማ በጥቂት ቀን ውስጥ ጥርሱ በአንድ ወገን እንደ ላባ ይሳላል። ከፊት ያለው ርቀት ከኋላው የበለጠ ከሆነ ግን ፈጽሞ አይነዳ።

አምስተኛ፦ የሞተሩን ዘንበል ማለት

መንገድ ውሃ እንዲፈስለት ከመኻሉ ከፍ፣ ከዳሩ ዝቅ ተደርጎ ስለሚሠራ፣ በቀኝ የሚሄድ ተሽከርካሪ ሁሉ ወደ ቀኝ ይሳባል፤ ባለ ሳይድካር ሞተር ደግሞ ይህ ሁለት እጥፍ ይሆንበታል። መድኃኒቱ ሞተሩ ራሱ ከሳይድካሩ ርቆ ወደ ግራ በጥቂቱ እንዲያዘነብል ማድረግ ነው።

በዚህ እርምጃ ላይ ነው ብዙ ሠሪ የሚሳሳተው፤ ባዶውን ለክቶ ይጨርሳልና። ሕሙሙ በሚተኛበት ስፍራ የአንድ ሰው ክብደት የሚሆን፣ 60 ኪሎ ያህል አሸዋ በጆንያ ያጋድሙ፤ ነጂው በመቀመጫው ላይ ይቀመጥ፤ መሪውም ቀጥ ይበል። ቱንቢውን በኋላው ጎማ በስተ ግራ ያንጠልጥሉና ከቸርኬው የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ እስከ ሲባጎው ያለውን ርቀት ይለኩ። በሁለቱ ጠርዞች መካከል 45 ሳንቲ ሜትር ቁመት ካለ፣ የ8 ሚሊ ሜትር ልዩነት 1 ዲግሪ ነው፤ የላይኛው ጠርዝ በዚህ ያህል ለሲባጎው ቢቀርብ ሞተሩ በሚገባው መጠን ወደ ግራ አዘንብሏል። ጭነቱ ሲወርድ ዘንበል ማለቱ በጥቂት ይጨምራል፤ ይህ አያሳስብም። ተጭኖ ወደ ሳይድካሩ የሚያዘነብል ሞተር ግን በሕሙም ላይ የሚወድቅ ሞተር ነውና፣ ላይኛዎቹን ዘንጎች እያዞሩ እስኪስተካከል ድረስ አይተዉት።

ዘንበሉ ሲስተካከል የጎማው መመለስ በጥቂቱ መዛነፉ አይቀርም፤ ስለዚህ ወደ አራተኛው እርምጃ ተመልሰው ደግመው ይለኩ፣ ከዚያም ይህን አምስተኛውን እንደ ገና፣ ሁለቱም በአንድነት እስኪስማሙ ድረስ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና፣ በዚህ ላይ ግማሽ ቀን ቢያልፍ አይቈጩ።

ስድስተኛ፦ ፍሬን፣ መብራትና ማርሚታ

የሳይድካሩ ጎማ የራሱ ፍሬን ይኑረው። ባይኖረው፣ ሞተሩ በሁለቱ ጎማዎቹ ሲቆም ሳይድካሩ በተጀመረው ፍጥነት ሊቀጥል ስለሚፈልግ፣ ጠቅላላው ወደ ግራ፣ ማለት ከፊት ለፊት ወደሚመጣው መኪና ይዞራል። ፍሬኑ ከእግር ፍሬኑ ጋር ተያይዞ፣ ከኋለኛው ጎማ በጥቂት ዘግይቶ እንዲይዝ ይስተካከል።

በሳይድካሩ ቀኝ ዳር ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ይተከል፤ የቀኙም ፍሬቻ ወደዚያ ይዛወር፤ በሌሊት የሚመጣ ሾፌር አንድ መብራት ብቻ ካየ ባለ ሁለት ጎማ መስሎት ተጠግቶ ያልፋልና።

በአብዛኞቹ ሞተሮች ማርሚታው በቀኝ፣ ሕሙሙ በሚተኛበት ወገን ነው። የጢሱ መውጫ ከአልጋው በስተ ኋላ እንዲያልፍ በቱቦ ይራዘም፤ በማርሚታውና በአልጋው መካከልም የላሜራ ግርዶሽ ይደረግ። የድሬዳዋን የቀትር ሙቀት የሚያውቅ ሰው ለዚህ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

ሰባተኛ፦ አልጋው

አልጋው 180 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርዘም፤ የራስጌው ወገን ከፍና ዝቅ የሚል ይሁን። ሕሙሙ ራሱን ወደ ኋላ፣ እግሩን ወደ ፊት አድርጎ ይተኛል። ነፍሰ ጡር፣ በተለይም ቀኗ የደረሰ፣ በጀርባዋ ተንጋልላ አትተኛ፤ የማሕፀኑ ክብደት ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ዐቢይ ሥር ስለሚጫን፣ እርስዋም ጽንሱም ይታወካሉ። በግራ ጎኗ ትተኛ፤ እንዲህ ስትሆን ፊቷ ወደ ነጂው ስለሚዞር፣ ሁኔታዋን በየጊዜው ለማየትና ለማነጋገር ይመቻል። በደረትና በጭን ላይ የሚያልፉ ሰፋፊ ቀበቶዎች ይኑሩ፤ የሆዱ ስፍራ ግን አይታሰር። ለፀሐይና ለአቧራ የሸራ ጣራ፣ ለሳይድካሩም ጎማ ፓራፋንጎ ይሠራለት። ከአልጋው ሥር ያለው ሞላ ለባዶው ጋሪ ብቻ ተብሎ የለሰለሰ ወይም ለከባድ ዕቃ ተብሎ የጠነከረ አይሁን፤ የ60 ኪሎው አሸዋ ሲጫንበት ከእርምጃው ሢሶ ያህል የሚወርድ ሞላ ለተኛ ሰው ይስማማል።

ስምንተኛ፦ ጉልበትና ጎማ

ሞተሩ ያለ ጭንቀት ዳገት እንዲወጣ፣ በኋላ ጎማ ላይ ያለው ባለጥርስ ከነበረው ከዐሥር አንድ እጅ ወይም ጥቂት በሚበልጥ ጥርስ በበዛ ይለወጥ፤ የላይኛው ፍጥነት ይቀንሳል፣ በዚህ ሥራ ግን ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ መሮጥ አያስፈልግም። የኋላውን አሞርዛቶሮች ወደ ጠንካራው ልክ ያዙሩ። የኋላው ጎማ ነፋስ በጎኑ ላይ ለሙሉ ጭነት ከተጻፈው አይነስ።

ዘጠነኛ፦ መፈተንና ደግሞ ማጥበቅ

ቡሎኖቹ ሁሉ ከጠበቁ በኋላ፣ ከዳዶው አንሥቶ እስከ ብረቱ በሚያልፍ ቀጭን የቀለም መስመር ምልክት ያድርጉባቸው። ዳዶው የተፈታ እንደ ሆነ መስመሩ ስለሚቈረጥ፣ ነጂው ያለ መፍቻ በዐይኑ ብቻ ያውቀዋል። ከዚያ አሸዋውን እንደ ተጫነ በሜዳ መንገድ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይንዱ። ወደ ቀኝ የሚስብ ከሆነ ወደ ግራ ያለውን ዘንበል ጥቂት ይጨምሩ፤ ወደ ግራ የሚስብ ከሆነ ይቀንሱ። በአንድ ጊዜ አንድ ልክ ብቻ ይለውጡ፤ ሁለቱን አብሮ የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ፈወሰው አያውቅም። ከመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ እንደ ገናም ከ200 በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ሁሉንም ያጥብቁ፤ ብየዳውንም በጨርቅ እየጠረጉ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ እንዳይኖርበት ይመርምሩ።

ዐሥረኛ፦ አነዳዱን መማር

ባለ ሁለት ጎማ ሞተር ለዓመታት የነዳ ሰው ለሳይድካር አዲስ ተማሪ ነው፤ ይህን ያልተቀበለም ተሳፋሪ ሊሰጠው አይገባም። ሞተሩ ከእንግዲህ በማጠፊያ ላይ አይጋደምም፤ መሪው ወደሚሄዱበት በእጅ ኃይል ይዞራል። ቤንዚን ሲሰጡት ሳይድካሩ ወደ ኋላ ስለሚቀር ወደ ቀኝ ይስባል፣ ሲለቁት ወደ ግራ። ወደ ቀኝ ሲታጠፉ የሳይድካሩ ጎማ ከመሬት ሊነሣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ደንግጦ ፍሬን መያዝ ሳይሆን ቤንዚኑን ቀስ ብሎ መቀነስና መሪውን በጥቂቱ ማቅናት ነው። ስለዚህ በሰፊ ሜዳ ላይ፣ 40 ኪሎ አሸዋ በሳይድካሩ ወለል አስሮ፣ በዝግታ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ክብ እየሠሩ መለማመድ ይገባል፤ አሸዋው የሚወርደው እጅና ዐይን ከተስማሙ በኋላ ነው።

ከተራራው ወደ ድሬዳዋ ሲወርዱ በሁለተኛ ማርሽ፣ ቁልቁለቱ ሲጠና በአንደኛ ይውረዱ፤ ኢንጅኑ ራሱ ይያዘው። ፍሬኑን ያለ ማቋረጥ የረገጠ ሰው ከበሮው ይግላል፣ ሸራውም መያዝ ያቆማል፤ ይህም የሚታወቀው የመጨረሻው ጥምዝ ላይ ነው። ደረቅ የአሸዋ ወንዞችን ሲሻገሩ በአንድ ፍጥነት ሳይቆሙ ይለፉ፤ በክረምት ግን በተራራው ላይ ደመና ካዩ፣ ወንዙ ደረቅ ቢሆንም እንኳ አስቀድመው ይጠይቁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ብዙ ሕዝብ የፈጀው፣ ውሃው ከላይ፣ ከደጋው ወርዶ ነበርና። በውሃ ውስጥ የገባ ሳይድካር አልጋው እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል፣ ሞተሩንም ይዞት ይሄዳል።

የልኩን መዝገብ ስለ መጠበቅ

ሥራው ሲፈጸም የጎማው ቅድሚያ፣ ስፋቱ፣ መመለሱና ዘንበሉ፣ የተለኩበት ጭነትና ቀንም ሁሉ በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ ያው ልክ ደግሞ በላሜራ ላይ ተቀርጾ በመቀመጫው ሥር ይታሰር። ነጂ ይለወጣል፣ መካኒክ ይለወጣል፣ ደብተርም ይጠፋል፤ ጎማ ለመቀየር አንድ ዘንግ የፈታ ሰው ግን የቀድሞውን ልክ ካላገኘ በግምት ይመልሰዋል፣ በግምት የተመለሰውም ልክ ጋራዡ ውስጥ ምንም አይታይበትም። አዲስ ነጂ ሲመጣ ሞተሩን ከመረከቡ በፊት አራተኛውንና አምስተኛውን እርምጃ በገዛ እጁ ይለካ፤ ከዚያም በአልጋው ላይ ራሱ ተኝቶ፣ ታስሮ፣ ሌላ ሰው እየነዳው የመንገዱን ጥምዝምዝ አንድ ጊዜ ይውረድ። ከዚያ በኋላ ቡሎን አጥብቅ ብሎ የሚያስታውሰው ሰው አያስፈልገውም፤ የተሰጠው አደራ ምን ያህል እንደሚመዝን በሥጋው አውቆታልና።